የማህፀን በር ካንሰር ሳይታወቅ ሲታለፍ፦ ከላቦራቶሪው ስላይድ እስከ ካሣ ጥያቄ

«ያኔ ተመርምሬ ነጻ ነሽ ተብዬ ነበር» የሚለው ቃል፣ ከማህፀን በር ካንሰር ጋር በተያያዘ የሕግ ምክር ከሚጠይቁ ሴቶች አፍ ቀድሞ የሚወጣ ነው። ቃሉ እውነት ነው፤ ለሕጉ ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። የተደረገው ምርመራ የትኛው ነበር? ውጤቱ በወረቀት ላይ የሰፈረው በምን ቃል ነው? ውጤቱን ያየው ባለሙያ ከዚያ በኋላ ምን አደረገ? እነዚህ ሦስት ጥያቄዎች እስኪመለሱ ድረስ ስህተት መፈጠሩንም ሆነ ስህተቱ በሕግ የሚያስጠይቅ መሆኑን በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። ይህ መመሪያ የተዘጋጀው ጥያቄዎቹን ተራ በተራ መመለስ ለምትፈልግ ታካሚና አብሯት ለሚደክም ቤተሰብ ነው። ሕግ በየአገሩ ስለሚለያይ የይርጋውን ዘመን (ክስ የሚቀርብበትን የጊዜ ገደብ) እና የአቤቱታውን ሥርዓት በትክክል ሊነግርዎት የሚችለው በአገርዎ ሕግ የሠለጠነ ጠበቃ ነው፤ ማስረጃው የሚሰበሰብበትና የሚመዘንበት መንገድ ግን ከአገር አገር ብዙም አይራራቅም።

ስህተቱ የሚፈጠርባቸው ቦታዎች

ይህ ካንሰር ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። የሚነሳው ለረጅም ጊዜ ከሰውነት ሳይወጣ ከሚቆይ የኤችፒቪ ቫይረስ ሲሆን፣ 16 እና 18 የተባሉት ዝርያዎች ብቻቸውን 70 በመቶ ለሚሆነው የማህፀን በር ካንሰር ምክንያት ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ የመከላከል አቅሟ ባልተዳከመ ሴት ላይ ያልተለመዱት ሕዋሳት ወደ ካንሰር ለመለወጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስድባቸዋል፤ እንደ ኤችአይቪ ባሉ ምክንያቶች አቅሟ በተዳከመ ሴት ላይ ደግሞ ጊዜው ወደ 5 እና 10 ዓመት ሊያጥር ይችላል። ስለዚህ ካንሰሩ ሲገኝ ከኋላው በርካታ ዓመታት፣ ብዙ ቀጠሮዎች፣ ምናልባትም ሁለትና ሦስት ናሙናዎች ይኖራሉ። ጠበቃ የሚፈልገው ዱካ ያለው እዚያ ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው የስህተት ቦታ ናሙናው የሚወሰድበት ነው። የፓፕ ስሚር (ከማህፀን በር በብሩሽ ሕዋሳት ተወስደው በማይክሮስኮፕ የሚታዩበት ምርመራ) ናሙና መወሰድ ያለበት በማህፀን በር ላይ ሁለቱ የሕዋስ ዓይነቶች ከሚገናኙበት ስፍራ ነው፤ በሽታው በአብዛኛው የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ብሩሹ ያንን ስፍራ በደንብ ካልነካ ወይም ናሙናው በደም ከተሸፈነ፣ ላቦራቶሪው «አጥጋቢ አይደለም» ብሎ እንዲደገም መጠየቅ አለበት። ሁለተኛው ቦታ ንባቡ ነው። በአንድ ስላይድ (ናሙናው በሚዘረጋበት ትንሽ መስታወት) ላይ እጅግ ብዙ ሕዋሳት ተዘርግተው ያልተለመዱት ግን ጥቂት ሊሆኑ ስለሚችሉ የደከመ ዓይን ያልፋቸዋል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 (በዚህ መመሪያ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ባወጣችው የላቦራቶሪ ሕግ ሥር አንድ የሳይቶሎጂ (የሕዋስ ምርመራ) ባለሙያ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ100 በላይ ስላይዶችን እንዳያነብ የተከለከለው፣ እንዲሁም ነጻ ከተባሉት ስላይዶች ቢያንስ 10 በመቶው በሌላ ዓይን እንዲታዩ የተደረገው በዚህ ምክንያት ነው። በኒውዚላንድ ጊዝቦርን ብቻውን ይሠራ የነበረ አንድ ፓቶሎጂስት (ሕዋስና ቲሹ አይቶ በሽታን የሚለይ ሐኪም) ያነበባቸው ስሚሮች እንደገና ሲታዩ ብዙዎቹ በስህተት ነጻ ተብለው መገኘታቸው ይፋዊ አጣሪ ጉባኤ እስከማስቋቋም ደርሶ፣ ሪፖርቱ በ2001 ወጥቷል።

አሴቲክ አሲድ ቀብቶ በዓይን የማየት ምርመራም የራሱ ገደብ አለው። ካረጡ ሴቶች ብዙዎቹ ላይ የሕዋሳቱ መገናኛ ስፍራ ወደ ውስጠኛው ቦይ ስለሚገባ በዓይን አይታይም፤ እንዲህ ላለች ሴት «ነጭ ነገር አልታየም» ማለት ነጻ ናት ማለት አይደለም። ከእጢ ሕዋሳት የሚነሳው አዴኖካርሲኖማም ከቦዩ ውስጥ ስለሚደበቅ በፓፕ ስሚር ለመያዝ ያስቸግራል።

ሦስተኛው የስህተት ቦታ ከላቦራቶሪ ውጭ ነው፤ በእኔ ግምት ለማስረዳት የሚቀለውም፣ ሰው ልብ የማይለውም ይኸው ነው። ውጤቱ በትክክል ተነቦ ወጥቶ ታካሚዋ ጆሮ ሳይደርስ ይቀራል። አንድ ጊዜ አንዲት ሴት ይዛው የመጣችውን ማኅደር አብረን ስናገላብጥ፣ በሦስተኛው ገጽ ላይ ከላቦራቶሪው የተጻፈው «ናሙናው ለመገምገም አጥጋቢ አይደለም፤ ይደገም» ይላል። ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ በሌላ እጅ «ነጻ» ተብሎ ተጽፎ ተፈርሞበታል። ያንን ወረቀት ለዓመታት ቤቷ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣው ነበር። ስላይዱን ያነበበው ሰው ሥራውን ሠርቷል፤ ጥፋቱ ያለው በሰማያዊው ቃል ውስጥ ነው።

አራተኛው ምልክትን መናቅ ነው። ከግንኙነት በኋላ የሚታይ ደም፣ በሁለት የወር አበባ መካከል ወይም ካረጡ በኋላ መድማት፣ የማይለቅ ሽታ ያለው ፈሳሽ፣ የዳሌና የወገብ ሕመም ይዛ የመጣች ሴት «የወሊድ መቆጣጠሪያው ያመጣው ነው»፣ «ኢንፌክሽን ነው» ተብላ ማህፀን በሯ በስፔኩለም (ማህፀን በርን ለማየት በሚያስችል መሣሪያ) ሳይታይ በመድኃኒት ብቻ ትሸኛለች። አንዳንዴም «ስሚርሽ ነጻ ነው» የሚለው መልስ ነገሩን ይዘጋዋል። ፓፕ ስሚርና ኤችፒቪ ምርመራ የተዘጋጁት ምልክት የሌላቸውን ሴቶች ለመለየት ነው፤ ምልክት ላላት ሴት የነጻ ውጤት ካንሰር አለመኖሩን አያረጋግጥም፤ በዓይን የሚታይ ቁስል ካለ ደግሞ ባዮፕሲ (ትንሽ ቲሹ ቆርጦ መመርመር) ያስፈልጋል። ይህች አንድ ነጥብ በብዙ ጉዳዮች ውስጥ የክርክሩ ማዕከል ስትሆን ይታያል።

ከባዮፕሲ በኋላም ስህተት አለ። ስሚሩ ከፍተኛ ደረጃ ለውጥ (ካልታከመ ወደ ካንሰር ሊያመራ የሚችል የሕዋስ ለውጥ) አሳይቶ ባዮፕሲው ጤናማ ነው ካለ፣ ሁለቱ ለምን እንዳልተስማሙ ሳይጣራ ፋይሉ መዘጋት የለበትም። የተገላቢጦሹ ስህተትም መዘንጋት የለበትም፦ ካንሰር የሌለባት ሴት ካንሰር አለብሽ ተብላ ማህፀኗ ይወጣል፤ ወይም ለመድማት ተብሎ ማህፀኗ በቀላል ቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ በማህፀን በሩ ላይ ያልተጠረጠረ ወራሪ ካንሰር ይገኛል።

1. ሕክምናው ይቅደም

ክስን ከማሰብዎ በፊት አሁን የተነገረዎት ውጤት ራሱ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ። የባዮፕሲው ስላይድ በማህፀን በሽታዎች ላይ ልምድ ባለው ሌላ ፓቶሎጂስት እንዲታይ ይጠይቁ። የካንሰሩ ደረጃ በምን ላይ ተመሥርቶ እንደተወሰነ፣ በሐኪም እጅ ምርመራ ይሁን በኤምአርአይ ወይም በሌላ ምስል፣ የዕጢው መጠንም በሚሊሜትር ስንት እንደሆነ በጽሑፍ እንዲሰፍር ያድርጉ። ይህ ቁጥር ለሐኪሙ የሕክምና መምረጫ ነው፤ በኋላ ደግሞ መዘግየቱ ምን እንዳሳጣዎት የሚለካው በእሱ ነው።

የማያምኑትን ሐኪም መቀየር መብትዎ ነው፤ በንዴት ሕክምናን ማቋረጥ ግን ጤናዎንም ጉዳይዎንም ይጎዳል። ተበዳይ ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን ማድረግ አለበት የሚለው መርህ በብዙ አገሮች ሕግ ውስጥ ስላለ፣ ተከሳሹ ወገን «እምቢ ባትል ኖሮ» ብሎ ሊከራከርበት ይችላል። ልጅ የመውለድ ፍላጎት ካለዎት ጨረር ከመጀመሩ በፊት ያሉት አማራጮች እንዲብራሩልዎት ይጠይቁ፤ ውይይቱም በማኅደሩ ላይ ይመዝገብ።

2. የቀናት መዝገብ ይሥሩ

አንድ ደብተር ይያዙና መድማቱ ወይም ሌላው ምልክት መጀመሪያ ከታየበት ቀን አንስተው እስከ ዛሬ ይጻፉ። በእያንዳንዱ ቀጠሮ የት እንደሄዱ፣ ማን እንዳየዎት፣ ምን እንደነገሩት፣ ምን እንደተባሉ፣ ማህፀን በርዎ በመሣሪያ ታይቶ እንደሆነና ምን መድኃኒት እንደታዘዘልዎት ያስፍሩ። ቀኑን ካላስታወሱ «ከፋሲካ በፊት»፣ «ልጄ ትምህርት ሲጀምር» ብለው ይጻፉ እንጂ አይገምቱ፤ ከማኅደሩ ጋር የሚጋጭ የፈጠራ ቀን ሌላውን እውነት ሁሉ ያስጠረጥራል። የስልክ መልእክቶችን፣ የመድኃኒት ማዘዣዎችንና የክፍያ ደረሰኞችን ያስቀምጡ። አብሮዎት የሄደ ሰው ካለም የሚያስታውሰውን ከእርስዎ ሳይሰማ ለብቻው ይጻፍ፤ ለምስክርነት ዋጋ የሚኖረው እንዲያ ሲሆን ነው።

3. ማኅደሩንና ስላይዱን በእጅዎ ያስገቡ

በዚህ ጉዳይ ውስጥ ከዚህ የሚበልጥ እርምጃ የለም። የሕክምና ማኅደርዎን ሙሉ ቅጂ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የማመልከቻዎን ግልባጭ ተቀባዩ በቀንና በፊርማ እንዲያረጋግጥልዎት ያድርጉ። «ሙሉ» ሲሉ ምን ማለትዎ እንደሆነ ይዘርዝሩ፦ የካርድ ማስታወሻዎች፣ የላቦራቶሪ መጠየቂያ ቅጾችና ውጤቶች፣ የፓቶሎጂ ሪፖርቶች፣ የኮልፖስኮፒ (ማህፀን በርን በማጉያ መሣሪያ የማየት ምርመራ) ሥዕልና ማስታወሻ፣ የምስል ሪፖርቶችና ምስሎቹ ራሳቸው፣ የሪፈራል ደብዳቤዎች፣ የተላኩ የጥሪ ደብዳቤዎችና የስልክ ጥሪ መዝገቦች። በኮምፒውተር የተያዘ ማኅደር ከሆነ ማን መቼ እንደከፈተውና እንዳሻሻለው የሚያሳየውን ዝርዝርም ይጠይቁ።

ብዙዎች ወረቀቱን ይዘው የሚረሱት ስላይዱን ነው። ሪፖርቱ አንባቢው አየሁ ያለውን ይነግራል፤ በመስታወቱ ላይ የነበረውን ግን ሌላ ሰው በማይክሮስኮፕ አይቶ ሊፈርድ የሚችለው ስላይዱ ካለ ብቻ ነው። ስላይድ ደግሞ ለዘላለም አይቀመጥም። ለምሳሌ በአሜሪካ የፌዴራል ደንብ መሠረት የሳይቶሎጂ ስላይድ ቢያንስ ለ5 ዓመት፣ የቲሹ ስላይድ ለ10 ዓመት ሲቀመጥ፣ ቲሹው በሰም ውስጥ የሚያዝበት ብሎክ ግን የግዴታ ጊዜው 2 ዓመት ብቻ ነው። ሌሎች አገሮች የየራሳቸው ጊዜ አላቸው። ስለዚህ ለላቦራቶሪው «በእኔ ስም የተያዙ ስላይዶችና ብሎኮች ሁሉ እንዳይወገዱ፣ ካሉ የት እንዳሉ፣ ከሌሉም መቼና በማን ትእዛዝ እንደተወገዱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ» የሚል ደብዳቤ ዛሬውኑ ያስገቡ። በፍርድ ቤት ክርክር የሚጠበቅ ከሆነ ጠበቃዎ የማስረጃ ጥበቃ ትእዛዝ ሊጠይቅ ይችላል።

ስላይዱን ራስዎ በቦርሳ ይዘው ከላቦራቶሪ ላቦራቶሪ አይዙሩ። ቢሰበር ወይም ቢጠፋ ክርክርዎ አብሮ ይሰበራል፤ ባይጠፋም «በመካከል ተለውጧል» የሚል ጥርጣሬ ይነሳል። ከተቋም ወደ ተቋም በርክክብ ሰነድ፣ የመለያ ቁጥሩ ተመዝግቦና ፎቶው ተነስቶ ይተላለፍ።

4. ማብራሪያ ይጠይቁ

ማኅደሩ ከእጅዎ ከገባ በኋላ ተቋሙ የተፈጠረውን እንዲያብራራ በጽሑፍ ይጠይቁ። ካንሰር ከተገኘ በኋላ የቀድሞ ስሚሮችን እንደገና ማየት በብዙ ቦታ የተለመደ የጥራት ሥራ ነው፤ በአሜሪካ ደንብ አንድ ላቦራቶሪ ከፍተኛ ደረጃ ለውጥ ወይም ካንሰር ሲያገኝ በእጁ ያሉትን ያለፉ 5 ዓመታት ነጻ የተባሉ የታካሚዋን ናሙናዎች መልሶ የማየት ግዴታ አለበት። ስለዚህ «የቀድሞ ናሙናዎቼ እንደገና ታይተዋል ወይ? ከታዩ ውጤቱ ምንድን ነው?» ብሎ መጠየቅ ክስ አይደለም።

ይህ ጥያቄ ሳይጠየቅ ወይም መልሱ ሳይነገር ሲቀር የሚሆነውን አየርላንድ አሳይታለች። ቪኪ ፊላን እ.ኤ.አ. በ2011 የሰጠችው ስሚር ነጻ ተብሎ፣ በ2014 ካንሰር ተገኘባት። በዚያው ዓመት የቀድሞ ስሚሯን እንደገና በማየት የተደረገ የውስጥ ማጣራት የ2011ዱ ውጤት ስህተት እንደነበረ ቢያሳይም እሷ የሰማችው በ2017 ነበር። ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ የሚጥል ስምምነት አልፈርምም ብላ በሚያዝያ 2018 ስሚሩን ካነበበው የአሜሪካ ላቦራቶሪ ጋር በ2.5 ሚሊዮን ዩሮ ተስማማች፤ ላቦራቶሪው ጥፋተኝነቱን አላመነም። ዝም ባለማለቷ ከ200 በላይ በሆኑ ሴቶች ስሚር ላይ ተመሳሳይ የውስጥ ማጣራት ተደርጎ ብዙዎቹ ውጤቱ እንዳልተነገራቸው ታወቀ፤ መንግሥት አጣሪ ሾመ፤ በ2023ም ስህተትን ለታካሚ የመግለጽ ግዴታን የሚጥል ሕግ ወጣ። እሷ በኅዳር 2022 አርፋለች።

5. ስህተቱ ጥፋት ነው ወይ?

እዚህ ላይ መራር የሆነ ነገር መናገር ግድ ይላል። ናሙናዋ ነጻ በተባለ ሴት ላይ ኋላ ካንሰር መገኘቱ ብቻውን ጥፋት መኖሩን አያረጋግጥም። ሥራውን በጥንቃቄ የሠራ ባለሙያም የሚያልፈው ለውጥ አለ፤ ምርመራው በባሕርዩ ፍጹም አይደለምና። ሕጉ የሚጠይቀው፣ በዚያ ጊዜ፣ በዚያ የሥራ ዘርፍ ያለ መደበኛ ብቃት ያለው ባለሙያ ያንን ስላይድ ወይም ያንን ምልክት አይቶ ያንኑ ያደርግ ነበር ወይ የሚለውን ነው። በእንግሊዝ ይህ መለኪያ ከ1957 ጀምሮ የሚሠራበት ሲሆን፣ በ1997 የተሰጠ ውሳኔ ደግሞ የባለሙያው አስተያየት በሎጂክ የሚቆም መሆን አለበት ሲል ጨምሮበታል።

የስሚር ንባብን በተመለከተ ከሁሉም ጠቃሚ የሆነው በ1999 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት የሰጠው ውሳኔ ነው። ስሚራቸው ነጻ ተብሎ ካንሰር የያዛቸው ሦስት ሴቶች ያቀረቡት ክስ ነበር፤ የሁለቱም ወገን ባለሙያዎች በስላይዶቹ ላይ ምን እንደሚታይ እንኳ አልተስማሙም። ፍርድ ቤቱ መጀመሪያ በመስታወቱ ላይ የነበረውን እንደ ፍሬ ነገር አጣርቶ፣ ቀጥሎ አንባቢው ፍጹም እርግጠኛ ካልሆነ በቀር «ነጻ» ብሎ መፈረም አይገባውም ነበር ወደሚል መለኪያ ሄዶ ለሴቶቹ ፈረደ። የአየርላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 ይህን ሲያብራራ፣ «ፍጹም እርግጠኝነት» ዳኞች የፈጠሩት አዲስ መለኪያ ሳይሆን ሙያው ራሱ ለራሱ ያስቀመጠው መስፈርት መሆኑን ገልጿል።

ከዚህ የሚወጣ ተግባራዊ ምክር አለ። ስላይዱን እንደገና የሚያየው ባለሙያ ካንሰሩ መገኘቱን ካወቀ፣ ዓይኑ ካንሰርን ፈልጎ ማግኘቱ አይቀርም። የተሻለው አሠራር ስላይዱን ከሌሎች ስላይዶች ጋር ቀላቅሎ፣ የታካሚዋን የኋላ ታሪክ ሳይነግሩ ማስነበብ ነው። ጠበቃዎ ይህን ካላነሳ እርስዎ ያንሱት።

6. መዘግየቱ ምን አሳጣዎት?

ጥፋት ቢኖርም እንኳ ጥፋቱ ያመጣው ጉዳት ካልታየ ካሣ የለም። ስሌቱ የሚጀመረው «በወቅቱ ቢታወቅ ኖሮ በሽታው በየትኛው ደረጃ ይገኝ ነበር፤ አሁንስ በየትኛው ላይ ነው?» ከሚለው ነው። አንዲት የ38 ዓመት ሴት ከአራት ዓመት በፊት በሰጠችው ስሚር ላይ ከፍተኛ ደረጃ ለውጥ ታልፎ፣ አሁን ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነ ዕጢ ተገኘባት እንበል። ያኔ ለውጡ ገና ቅድመ ካንሰር ከነበረ፣ በማደንዘዣ መርፌ ትንሽ ቲሹ ቆርጦ በማውጣት በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ልትሄድ ትችል ነበር። አሁን የሚጠብቃት በአብዛኛው ጨረርና ኬሞቴራፒ ነው፤ ከእሱ ጋር ያለዕድሜ ማረጥ፣ መውለድ አለመቻል፣ በአንጀት፣ በፊኛና በግንኙነት ላይ የሚቀር ጉዳት አለ። በአሜሪካ አኃዝ ካንሰሩ ከማህፀን በር ሳይወጣ ሲገኝ ለ5 ዓመት የመኖር ዕድል ከ90 በመቶ በላይ ሲሆን፣ ሩቅ አካል ከደረሰ በኋላ ግን ወደ 20 በመቶ ገደማ ይወርዳል።

ከባዱ ጥያቄ የሚመጣው መዘግየቱ አጭር ሲሆን ነው። የሦስት ወር መዘግየት ደረጃውን ካልለወጠ፣ ሕክምናውም ያው ይሆን ከነበረ፣ ንዴቱ እውነተኛ ቢሆንም ካሣው ትንሽ ወይም ምንም ሊሆን ይችላል። የመዳን ዕድል መቀነሱ ብቻ ያስክሳል ወይ በሚለው ላይም አገሮች ይለያያሉ። ያኔ የአገሪቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የነበረው የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት በ2005 የመዳን ዕድሉ በምርመራ መዘግየት ከ42 ወደ 25 በመቶ ወርዷል ላለ የሌላ ካንሰር ታካሚ ካሣ ከልክሏል፤ ዕድሉ ከመጀመሪያውም ከግማሽ በታች ነበርና። ፈረንሳይ ግን የጠፋ ዕድልን ራሱን እንደ ጉዳት ትቆጥራለች። ጠበቃዎን መጀመሪያ ሊጠይቁ ከሚገባዎት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው።

7. ይርጋ

መብትዎ በጊዜ ማለፍ ይታገዳል። በእንግሊዝ 3 ዓመት፣ በአየርላንድ 2 ዓመት ሲሆን፣ የሚቆጠረው ጉዳቱን ካወቁበት ወይም ማወቅ ከነበረብዎት ቀን ነው። ሌላ ቦታ ቆጠራው ስህተቱ ከተፈጸመበት ቀን ሊጀምር ስለሚችል፣ ለረጅም ዓመታት ሳይታወቅ ለሚቆይ በሽታ ይህ ልዩነት ሁሉን ይወስናል። የመንግሥት ተቋም ከሆነ ከክስ በፊት ማስታወቂያ የሚሰጥበት ሌላ አጭር ቀነ ገደብ ሊኖር ይችላል። ለሆስፒታሉ አቤቱታ ማቅረብ ወይም ድርድር መጀመር ብዙውን ጊዜ ይርጋውን አያቆምም፤ «እየተነጋገርን ነው» እየተባለ ጊዜ የሚያልፈው በዚህ ነው። ስለዚህ ሕክምናው ሳያልቅም ቢሆን አንድ ጠበቃ ቀኑን ይቁጠርልዎት።

8. የትኛው በር?

ፍርድ ቤት አንዱ መንገድ ነው እንጂ ብቸኛው አይደለም። ማብራሪያና ይቅርታ ከሆነ የሚፈልጉት ለተቋሙ የቅሬታ ሰሚ ክፍል መጻፍ ይበቃ ይሆናል። ባለሙያው ሌላ ሰው እንዳይጎዳ ከፈለጉ ፈቃድ ሰጪው ወይም የሙያ ሥነ ምግባር አካል ሊመረምረው ይችላል፤ ይህ አካል ግን በአብዛኛው ካሣ አይሰጥም። የወንጀል ክስ ለከባድ ቸልተኝነት ወይም ማስረጃ ለማጥፋት ካልሆነ በቀር ከዚህ ዓይነት ጉዳይ ጋር እምብዛም አይገናኝም።

አንዳንድ አገሮች ጥፋተኛን ሳይፈልጉ ካሣ ይከፍላሉ። በኒውዚላንድ ከ1974 ጀምሮ የሚሠራው የአደጋ ካሣ ሥርዓት የሕክምና ጉዳትንም ይሸፍናል፤ በምትኩ ለዚያ ጉዳት ካሣ ፈልጎ መክሰስ አይቻልም። በስዊድን የታካሚ መድን፣ ልምድ ያለው ስፔሻሊስት ቢሆን ኖሮ ሊያስቀረው ይችል ነበር ለሚባል ጉዳት ይከፍላል። እንዲህ ያለ በር ባለበት ቦታ መጀመሪያ እሱን ማንኳኳት ተገቢ ነው።

9. ጠበቃና ባለሙያ

የቤተሰብና የንግድ ጉዳይ የሚይዝ ጎበዝ ጠበቃ ለዚህ ጎበዝ ላይሆን ይችላል። የሕክምና ስህተት ጉዳይ ይዞ ያውቅ እንደሆነ፣ ክፍያው በምን መንገድ እንደሚታሰብና ብንሸነፍ የሌላውን ወገን ወጪ ማን እንደሚከፍል ይጠይቁ፤ የክፍያ ስምምነቱ በጽሑፍ ይሁን። «በእርግጠኝነት እናሸንፋለን» የሚልዎትን ሰው ይራቁት፤ ማኅደሩን ሳያይ ይህን ሊያውቅ አይችልም።

አንድ ባለሙያ አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። ስላይዱን የሚያነበው ሳይቶሎጂስት ወይም ፓቶሎጂስት ነው፤ ሐኪሙ ምልክቱን ሲሰማ ምን ማድረግ እንደነበረበት የሚናገረው የማህፀን ሐኪም ነው፤ በወቅቱ ቢታወቅ ሕክምናው ምን ይመስል እንደነበር የሚያስረዳው ደግሞ የካንሰር ስፔሻሊስት ነው። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ተከሳሹ ወገን የሚገባው በዚያ ክፍተት ነው።

10. ካሣውና ፊርማው

ካሣ የሚሰላው ከወጣው የሕክምና ወጪ ብቻ አይደለም። የቀረ ደመወዝ፣ ወደፊት የሚቀር ገቢ፣ ቤት ውስጥ ያስታመመዎት ሰው ጊዜ፣ ሕመምና ሥቃይ፣ የመውለድ አቅም ማጣት ሁሉ ይቆጠራሉ። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2020 የወሰነው ጉዳይ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ስሚሮቿና ባዮፕሲዎቿ በስህተት ተነበው በ29 ዓመቷ ካንሰር የተገኘባትና በሕክምናው ምክንያት መውለድ ያልቻለች አንዲት ሴት፣ በካሊፎርኒያ በሌላ ሴት ማህፀን ልጅ ለማስወለድ የሚያስፈልገው ወጪ በካሣው ውስጥ እንዲካተት ጠየቀች፤ ከአምስቱ ዳኞች ሦስቱ ተስማምተው ተፈቀደላት።

ብዙ ጉዳዮች የሚያልቁት በስምምነት ስለሆነ የስምምነቱን ጽሑፍ ቃል በቃል ያንብቡ። በሽታው ቢመለስ እንደገና መጠየቅ ይችላሉ ወይስ «የመጨረሻ» የሚለው ቃል በሩን ይዘጋዋል? ዝም እንዲሉ የሚያስገድድ አንቀጽ አለበት ወይ? ካለበትስ ለሐኪምዎ፣ ለቤተሰብዎና ለሙያው ተቆጣጣሪ መናገርን ያግዳል? ገንዘቡ በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በየዓመቱ?

በሽታው የገፋ ከሆነ የታካሚዋ ቃል ፍርድ ቤቱ በሚቀበለው ሥርዓት አስቀድሞ እንዲመዘገብ ጠበቃው ያለመዘግየት ያመልክት። ታካሚዋ ካረፈች ብዙ ሕጎች ጥያቄውን ለወራሾቿና ለጥገኞቿ ያስተላልፋሉ፤ ያን ጊዜ ምልክቱ መቼ እንደጀመረና «ነጻ ነሽ» ያላት ማን እንደነበረ በራሷ አንደበት የተናገረችው ቃል፣ ከስላይዱ ቀጥሎ የቤተሰቡ ዋና ማስረጃ ይሆናል።